በአውጫጭኙ የተናገረችው ወፍ

ሦስት የነፍስ አባት ቀብሬአለሁ፤ ይህን ግን ሦስቱንም ደብቄአቸዋለሁ። ጾም ገደፍኩ፣ ሰው ተሳደብኩ እያልኩ ትንሽ ትንሹን ስቆጥርላቸው ኖርኩ እንጂ ትልቁን አላወጣሁትም። ዛሬ ለአንተ፣ ለማላውቅህ አንባቢ፣ ልናገረው። አባባ ቶሎሳን ሌባ ያሰኘሁ እኔ ነኝ።

አባባ ቶሎሳ አዳማ ውስጥ ጎረቤቴ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በባቡር ሐዲድ ጥገና ፈጅተው በእርጅና የተሰናበቱ ሰው ነበሩ። ተሰናበቱ ይባል እንጂ እግራቸው አልተሰናበተም፤ ጎሕ ሲቀድ ትንሽ መዶሻቸውን ይዘው በሐዲዱ ዳር እየሄዱ ቡሎኑን መታ መታ ያደርጋሉ። መንደሩ የሚነቃው በዚያ ድምፅ ነበር። "አካም ቡልተ፣ ልጄ?" ይሉኛል፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። የተጣላ የሚታረቀው በእሳቸው ደጅ ነው። እኔ ከቡልጋ ወርጄ በሬዬ የሞተብኝ ዓመት፣ ሳልጠይቃቸው ቀዩን በሬያቸውን ጎትተው ደጄ ላይ ያሰሩልኝ እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ዲንቄ፣ የአባቴ በሬ ከእኛ ይልቅ አንተን ያውቃል እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ታዲያ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የጭቃ ሹሙ በቅሎ ተሰረቀች። አውጫጭኝ ተጠራ። የመንደሩ ወንድ ሁሉ በእሾህ አጥር ውስጥ ተከተተ፤ ሌባው እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። እያንዳንዱ በተራው ወደ ሽማግሌዎቹ እየቀረበ ያየውን በጆሯቸው ይናገራል። የተናገረው ሰው ስሙ አይጠራም፤ "ወፍ ነገረችን" ነው የሚባለው።

ጤፌ አውድማ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን በደራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ሦስት ቀን ሙሉ ጤፌ፣ ጤፌ እያልኩ ያሰለቸሁት ማንን ነው? አጠገቤ ተቀምጠው በሶአቸውን የሚያካፍሉኝን አባባ ቶሎሳን። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ።

"በቅሎዋ በጠፋችበት ማለዳ ቶሎሳ በበረቱ አጠገብ ሲያልፍ አይቻለሁ" አልኩ። አባባ እንኳ አላልኩም።

አየህ፣ ውሸት አልተናገርኩም። በየማለዳው በዚያ ያልፋሉ፤ ሐዲዱ በዚያ ነዋ። ለምን እንደሚያልፉ ግን ዋጥኩት። አላውቅም ነበር እንዳልል፣ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? የእኔ ወፍ አንዴ ከበረረች በኋላ ፀሐይ ያንገበገበው፣ ቤቱ የናፈቀው ሁሉ ተከተላት። ሲመሽ አጥሩ ተከፈተ። በበቅሎዋ ፈንታ ቀዩ በሬ ተነዳ። ያ ጤፍ የበቀለው እኮ በዚያ በሬ በታረሰ መሬት ነው። ዝናቡም አልዘነበም።

ከዚያ ወዲያ የመዶሻው ድምፅ ቀረ። ለእርቅ የሚጠራቸውም ጠፋ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ አልጋ ያዙ። ልጠይቃቸው ገባሁ፤ ዲንቄ በርጩማ አቀረበችልኝ። አባባ እጄን ያዙና፣

"ልጄ፣ ጤፍህ ዝናብ ሳይነካው ገባልህ?" አሉኝ።

"ገባልኝ፣ አባባ።"

"ተመስገን" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ያውቁ ነበር? ወይስ እንደ ጎረቤት ነው የጠየቁኝ? ጸጉሬ እስኪነጣ አልተፈታልኝም። ያኔ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ፤ እኔ ግን እግዜር ይማርዎ ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ አረፉ። ቃሬዛቸውን ከፊት የተሸከምኩ እኔ ነኝ፤ ከሁሉ አብልጬ ያለቀስኩም እኔ ነኝ።

በዓመቱ በቅሎዋ ወለንጪቲ ገበያ ላይ ከነሌባው ተያዘች። ሰው ሁሉ በጸጸት ደረቱን ደቃ። ዲንቄ በመንደሩ ፊት ቆማ፣ "በአባቴ ላይ የተናገረች ወፍ፣ ምላሷ ይድረቅ" ብላ ረገመች። ሰው አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ምላሴ ይኸው አልደረቀም፤ እንደምትሰማው ይናገራል። ድሃ ነበርኩ፣ ዝናብ ፈርቼ ነው አልልህም። ይፍታህ በለኝም አልልህም፤ ያንን ሊሉኝ የሚችሉት አንድ ሰው ነበሩ፣ እሳቸውም እጄን ይዘው ጠብቀውኛል። ዲንቄ ዛሬም በየበዓሉ ዳቦ ትልክልኛለች፣ የአባቴ ወዳጅ እያለች። እኔም ተቀብዬ እበላዋለሁ።