ግድግዳው ላይ የነበረው ስም

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ! ቀስ ብላችሁ አሜን በሉ፤ ለቀበሌ የሚናገር ጎረቤት አለ። ቆሞ መመስከር ነበር ደንቡ፤ ግን የዚህ መስኮት መጋረጃ አጭር ስለሆነ የቆመ ሰው ከውጭ ይታያል ተብያለሁና እንደተቀመጥኩ ስሙኝ። ማጨብጨብም የለም። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ እጄን ላነሳ ስል መልሼ እያወረድኩ ነው የሰነበትኩት። ትናንት በሆነው ነገር ግን ዛሬ ዝም ማለት አቃተኝ።

ሌላ ነገር ጠብቃችሁ እንዳታዝኑብኝ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ልጄ አልተመለሰም። ወልዴ ልጁን ጌታ መልሶለት ሊመሰክር ነው ያላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። እንዲያም ሆኖ ስሙ ይባረክ! ይህችን "ስሙ ይባረክ" ለማለት ምላሴ ስንት ጊዜ እንደተሳሰረ እሱ ያውቃል።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ሰባተኛ አካባቢ ታይፕ ጠጋኝ ነኝ። የመርካቶ ሰው በሙያዬም በቁጣዬም ያውቀኛል። ደንበኛ "መቼ ይደርሳል?" ካለኝ "ሲደርስ!" ነበር መልሴ። በተክለ ሃይማኖት በኩል ሳልፍ ኮፍያዬን አውልቄ እሳለማለሁ፤ ከልቤ የማምነው ግን እነዚህን ሁለት እጆቼን ነበር።

ሙላቱ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መርካቶ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው አልነበረም። በሁለተኛ ዓመቱ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ አንድ ጠዋት ከቤት ወጣና ቀረ። ሬሳውን አልሰጡንም። ማልቀስም ክልክል ነበር፤ እናታችን ትራስ ነክሳ ነው ያለቀሰችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ኮሌጅ የሚል ቃል ያነሳ ሰው ጠላቴ ሆነ።

ልጄ ደረጀ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው ታይፕ ወደማድስበት አንድ መሥሪያ ቤት ይዤው ሄድኩ። እዚያ ሁለት ኮምፒዩተር ከውጭ መጥቶላቸዋል። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር በዓይኑ ያየ ሰው ስንት አለ? ለብቻው ክፍል ሰጥተውታል፤ ማቀዝቀዣ አለው፣ ምንጣፍ አለው፣ አቧራ እንዳይገባ ጫማ በር ላይ ይወልቅና በነጠላ ጫማ ነው የሚገባው። "ይሄስ መቅደስ ሆነ!" ብዬ ሳቅሁ። የተከለው ፈረንጅ አገሩ ገብቷል፤ አንደኛው ኮምፒዩተር ከቆመ ወር አልፎታል። ደረጀ "መመሪያውን ልየው" አለ። ሦስት ቅዳሜ ቁጭ ብሎ አነበበው። በአራተኛው ቅዳሜ መስተዋቱ ላይ ፊደል መጣ።

ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ጋሼ ወልዴ፣ ይህን ልጅ ኮሌጅ ልከው እንዳያበላሹት! ኮሌጁ ራሱ እንዲህ ያለ መኪና አይቶ አያውቅም። እኛው እንቀጥረዋለን" አለኝ። ማር ነበር የሚያጎርሰኝ። የታይፕ ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ይህችው እህታችን አስቴር ነበረች። እሷ ብቻ "ልጁ ይማር ጋሼ ወልዴ። የሚያውቀውንማ ያውቃል፤ የማያውቀውን ማን ያስተምረዋል?" አለችኝ። "አንቺ ታይፕሽን ምቺ" አልኳት። ትስቃለች፤ እውነት ነው፣ እንዲህ ነው ያልኳት።

ደረጀ መማር ይፈልግ ነበር። "አባዬ፣ መኪናው እንዲህ አድርግ ሲለኝ አደርጋለሁ፤ ለምን እንደሚለኝ ግን አይገባኝም። ሒሳቡን መማር አለብኝ" ይለኝ ነበር። እኔ ግን በሱ አፍ የምሰማው ሙላቱን ነበር።

ማትሪክ ተፈተነ፤ ጥሩ ውጤት አመጣ። የቀረው ምደባው ነበር። ምደባው እንዴት እንደሚታወቅ ታውቃላችሁ፤ የስም ዝርዝር በታይፕ ተመትቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ያኔም እንደ አሁኑ ለጦርነት አፈሳ ነበር፤ ጎረምሳ ልጅ ያለው ሁሉ ልጁን ቤት ይዘጋበታል፤ ለጉዳይ የሚወጣው አባት ወይም እናት ነው። ሽማግሌ ማን ያፍሳል? ስለዚህ ስሙን ለማየት የሄድኩት እኔ ነኝ።

ግድግዳው ላይ ጣቴን እያስኬድኩ ወረድኩ። ደረጀ ወልዴ። አለ! ዝርዝሩን የመታው ታይፕ "ወ"ን ዘንበል እያደረገ ነው የሚመታው፤ እሷን እንኳ ልብ ብዬ አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ቤት ሄድኩ። ዘነበች ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ደረጀ ከኋላዋ ቆሟል። "የለህም" አልኩት።

ወገኖቼ፣ አንድ ቃል ናት። "በደንብ አይተኸዋል አባዬ?" አለኝ። "ታይፕ ማንበብ አንተ ልታስተምረኝ ነው?" ብዬ ጮህኩበት። አንገቱን ደፍቶ ገባ። የምዝገባው ቀን እስኪያልፍ በየቀኑ ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። አዳንኩት ብዬ ነበር የማስበው።

ሥራ አስኪያጁም ቃሉን አልጠበቀም። ዲፕሎማ የሌለው ሰው በቋሚነት አይቀጠርም ተባለ። ልጄ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ እየሄደ በሰርቪስ እየተመለሰ፣ ያለ መታወቂያ፣ ስሙ በመዝገብ ሳይገባ ያን ኮምፒዩተር ያሠራ ጀመር። ምሳውን እኔ በር ድረስ አደርስለታለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ይዤ አስጠራሁት። በነጠላ ጫማው ሮጦ ወጣ። ሳህኑን ገና ከእጄ እንደተቀበለ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጡ። "መታወቂያ!" አሉት። "ልጄ ነው፣ እዚህ ነው የሚሠራው" አልኩ። "የመሥሪያ ቤት መታወቂያ የት አለ?" ቀና ስል ሥራ አስኪያጁን በመስኮት አየሁት። እሱም አየኝ። መጋረጃውን ሳበው።

ወደ ቀበሌው አዳራሽ ወሰዱት፤ ተከተልኩ። ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። "ተማሪ ነው?" አለኝ። "የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ወረቀቱን አምጣና ልጅህን ውሰድ። ተማሪ አንነካም።" ደረጀ በመስኮቱ ፍርግርግ ሰምቶ ኖሮ "አባዬ፣ አትድከም፤ ስሜ የለማ፣ ከየት ታመጣለህ?" አለኝ። እሱ እኔን ሊያጽናና! "ጫማዬ ኮምፒዩተር ክፍሉ በር ላይ ነው፤ እሱን ብቻ አምጣልኝ። በዚህ ነጠላ ጫማ ሩቅ አልሄድም።"

መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሮጥኩ። አንዲት ልጅ መዝገብ ገለጠች። "ደረጀ ወልዴ... አዎ፣ ተመድቦ ነበር። ምነው ሳይመዘገብ ቀረ? ምዝገባው ካለቀ ሁለት ወር ሆነ እኮ። ታሞ ነው?" አለችኝ። "አዎ፣ በሽታ ነበር" አልኳት። በሽታው እኔ ነበርኩ። ላልተመዘገበ ሰው ወረቀት አይሰጥም አለችኝ፤ ብለምናት ብለምናት አልሆነም። ከዚያ ለጫማው ሮጥኩ። ጫማውን ይዤ ቀበሌ ስደርስ አዳራሹ ባዶ ነው። መኪናው ሄዷል። አንዲት ሴት ወለሉን እየጠረገች ነበር።

ከወታደር ማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ መጣ፣ አንድ ብቻ። "የጣቢያውን ታይፕ ስለጠገንኩላቸው ጸሐፊ አድርገውኛል። አባዬ፣ ስሜ ባለመውጣቱ እንዳታዝን፤ ስመለስ እንደገና እፈተናለሁ" ይላል። ዘነበች ስታነበው እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከዚያ ወደ ሰሜን ተላኩ ሲባል ሰማን። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም።

ሱቄን እከፍታለሁ እንጂ አልሠራም። ሰው "አይዞህ፣ የመንግሥት ነገር ነው፣ ምን ታደርጋለህ" ሲለኝ እሳት ይበላኛል። መንግሥት ብቻ ቢሆንማ በተራገምኩ ነበር! መኖር አስጠላኝ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ለምን ነጋ እላለሁ።

አስቴር አንድ ታይፕ ይዛ መጣች። ምንም አልነበረበትም፤ ባለሙያ አይታለልም። "ምን ፈለግሽ?" አልኳት። "ላይዎት ነው የመጣሁት ጋሼ ወልዴ። ስለ ደረጀ ሁልጊዜ እጸልያለሁ" አለች። ተሳደብኩ። ጸሎትሽን ይዘሽ ጥፊ አልኳት። እንደመሄድ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ቁጣዬ ሲያልቅብኝ፣ ወገኖቼ፣ ለሚስቴ ያልነገርኩትን ለሷ ነገርኳት። "ስሙ ነበር" አልኳት። "አይቼዋለሁ። ነበር።"

ምንም አይደለም አላለችኝም። ስለዚህ ነው ያመንኳት። አለቀሰችና "ይህን ለጌታ ይንገሩት፤ ከዚያ ለእትዬ ዘነበች ይንገሯት" አለችኝ። በታይፖቹ መሃል ቅባትና አቧራ ላይ ተንበረከክሁ። "አጥፍቻለሁ፤ ልጄን በገዛ አፌ ሸጥኩት፤ ኢየሱስ ሆይ፣ ማረኝ" አልኩ። ብርሃን አላየሁም፤ ድምፅም አልሰማሁም። ልቤም አልቀለለ። ነገር ግን ብቻዬን ተሸክሜው የነበረውን ነገር ሌላ ሰው ያዘልኝ። ሃሌ ሉያ! ቀስ በሉ፤ ሃሌ ሉያ።

ለዘነበች ነገርኳት። አልጮኸችም። የልጇን ጫማ ከአልጋ ሥር አውጥታ በነጠላዋ አቀፈችውና ሁለት ወር አላናገረችኝም። ያቻትና ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ይቅር ብላኛለች ብዬ አላወራባትም፣ የሷን ራሷ ትናገር። ዛሬ ስንወጣ ግን "ጋቢህን ልበስ፣ ይበርዳል" ብላኛለች። ጌታ ይመስገን!

ለደረጀም ጻፍኩለት። በታይፕ ጀመርኩና አይሆንም ብዬ በእጄ ጻፍኩት። "ስምህ ነበር። ዋሸሁህ" ብዬ። ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም። ስትጸልዩልኝ ይመለስ ብላችሁ ጸልዩ፤ ቢያንስ ግን ደብዳቤው ይድረሰው በሉልኝ። አልበቃሁም ብሎ ራሱን እየናቀ እንዳይሞትብኝ። ሌላ ምንም አልለምናችሁም።

እንግዲህ ወደ ትናንቱ ልምጣ። የአስቴር ልጅ ዮናስ፣ የእኔ ደረጀ በነበረበት ወንበር ተቀምጦ ያንኑ ኮምፒዩተር ያሠራል፤ ጫማውን እዚያው በር ላይ እያወለቀ። ያው ሥራ አስኪያጅ ለአስቴርም ኮሌጅ ምን ያደርግለታል ብሏታል። ትናንት ጠዋት ሱቄ መጣች። "ጋሼ ወልዴ፣ ዝርዝሩ ተለጥፏል። ዮናስን አላስወጣውም፤ እኔም ከሥራ መቅረት አልችልም። ሄደው ይዩልኝ" አለችኝ።

"እኔን?" አልኳት።

"እርስዎን" አለች።

ሄድኩ። ያው ግድግዳ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የፈለግሁት የደረጀን ስም ነው። እንደሌለ እያወቅሁ ከላይ እስከ ታች ፈለግሁት። ከዚያ ዓይኔን ጠርጌ እንደገና ጀመርኩ። ዮናስ ወርቁ። ያቺ "ወ" አሁንም ዘንበል እንዳለች ናት፤ የሚጠግናት ጠፍቷል። በእግሬ ነው የተመለስኩት፤ ታክሲም አላሰብኩም። አስቴር በር ላይ ቆማ ነበር። "አለ" አልኳት። "ስሙ አለ።"

ወገኖቼ፣ ኮሌጅ ያድናል ብዬ አልሰብክላችሁም። ሙላቱን አላዳነውም። ኮምፒዩተር የሚያውቅ ልጅ ይማር አይማር ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ፤ ለልጄ ፈረድኩና ምን እንዳደረግሁ ሰምታችኋል። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ይህች ሴት ምን እንዳደረግሁ ከማንም በፊት እያወቀች የገዛ ልጇን ስም እንዳነብላት ላከችኝ። እኔን የመሰለ ውሸታም ከታመነ፣ ዋሽቶ የማያውቀውን ጌታ ማመን ለምን ያቅታችኋል? ዛሬ የከበደው ሰው እዚህ ካለ ያምጣው፤ ይንገረው። የጠየቃችሁትን ሁሉ ይሰጣል አልላችሁም፤ ለእኔ ገና አልሰጠኝም። ግን አልሸሸኝም። ስሙ ይባረክ!

ጫማችንን በር ላይ እንዳይታይ በየዘንቢላችን ይዘን ነው የምንገባው፤ በእኔ ዘንቢል ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ጥንድ አለ። ሁለተኛው የማን እንደሆነ ዛሬ አወቃችሁ። ዮናስ፣ ልጄ፣ ሰኞ ምዝገባ ነው፤ የምወስድህ እኔ ነኝ። ጫማህን አድርገህ ጠብቀኝ።

አሜን በሉ ወገኖቼ። ቀስ ብላችሁ።