የወደቡ መንገድ፣ የመጨረሻው ዙር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ጭምር። "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ "ይኸው ነው አባ" እያልኩ ስንት ዓመት ሸሸሁ። እናንተ ግን አታውቁኝም፤ ፊቴንም አታዩትም። ስለዚህ ስሙኝ።

ባለፈው ወር እናቴ አሌክሳንድሪያ ያለውን አፓርታማዋን ስታጸዳ ከልብስ ክሎዜቱ ውስጥ የልጅነት ጌሜን አውጥታ "ይሄን ኮተትህን ውሰድልኝ!" አለችኝ። ግራጫው ኮንሶል፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ የመኪና ውድድር ሲዲ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቤቴ ይዤው መጣሁ። አዲሱ ቴሌቪዥኔ የድሮውን ገመድ ስለማይቀበል ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አንድ ሆደ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቼ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸከምኩት። "ምን ሆነህ ነው?" የሚል ሚስት የለ፣ ልጅ የለ።

ሰካሁት። ሠራ! እንደ ሕፃን ጨፈርኩ። ቀጥሎ የአሸናፊዎቹ ሰሌዳ መጣ። ኮንሶሉ ውስጥ ተሰክቶ የቀረው ሜሞሪ ካርድ ምንም አልረሳም። ከስምንቱ መንገዶች በሰባቱ ላይ የመጨረሻው አሸናፊ ቢኒ ነው። ቢኒ፣ ቢኒ፣ ቢኒ። በአንዱ ብቻ፣ በወደቡ መንገድ ላይ፣ የእኔ ስም አለ። ጭፈራዬ እዚያው ቀረ።

ቢኒ የአጎቴ ልጅ ነው። አጎቴ ዲቪ ደርሶት ልጁን ይዞ ሲመጣ እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ ሰፈር የነበረችው ባለ ሁለት መኝታ ቤታችን ገቡ። የቢኒ እናት ቪዛዋ በሕክምና ምርመራ ተጓቶ አዲስ አበባ ቀረች። "በወር ትደርሳለች" ይባል ነበር። እኔ አሥራ ሁለት፣ እሱ አሥራ ሦስት ዓመታችን ነው። ጌም ነክቶ የማያውቅ ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ በገዛ ጌሜ ያሸንፈኝ ጀመር። ሲያሸንፍ ይስቃል፤ "አይዞህ፣ ነገ ታሸንፋለህ" ይለኛል። አንጀቴን የሚያሳርረው ያ "አይዞህ" ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ኪችን ውስጥ ስልክ ይዛ አፏን በነጠላዋ አፍና ስታለቅስ ደረስኩባት። የቢኒ እናት አርፋለች። መርዶው እንደ ወጉ እሑድ ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ለአባትና ለልጅ አብሮ እንዲነገር ተስማምተዋል። እስከዚያ ይብሉ፣ ይተኙ ተብሏል። እናቴ ስታየኝ ደነገጠች። "ወየው! ሰማህ እንዴ? ትንፍሽ እንዳትል፣ በማርያም!" አለችኝ። ማልኩላት።

ከሰዓት በኋላ እኔና ቢኒ የወደቡን መንገድ መርጠን ተቀመጥን። ለምን ተቀመጥኩ? አዝኜ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላዘንኩም። እሱ የማያውቀውን በማወቄ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ዙር መራኝ። በሁለተኛውም መራኝ። በሦስተኛው፣ በመጨረሻው ዙር፣ መርከቡ ጋ ያለውን ኩርባ ሲዞር ሳቀና "አይዞህ" አለኝ። ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳልነቅል "እናትህ ሞታለች" አልኩት።

የእሱ መኪና ቆመች። አለፍኩት። አሸነፍኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እጄን አንስቼ "የስ!" ብዬ ጮህኩ። ስሜንም ጻፍኩ። ቢኒ ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና "አባዬ ያውቃል?" አለኝ። "አያውቅም" አልኩት።

ማታ ራቱን በላ። አባቱ ከታክሲ ሥራው ሲገባ ጃኬቱን ተቀበለው፤ አጠገቡ ተኛ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አባቱን ከመርዶው፣ እኔን ከእናቴ ቁጣ ሲጠብቅ አደረ። እኔ ደህና አድርጌ ተኛሁ።

ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ ሲያንኳኩ በሩን የከፈተላቸው ቢኒ ነው፤ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ። አንድ ቃል ሳይናገሩ ዞሮ አባቱን አቀፈ። እናቴ ይኸው እስከ ዛሬ፣ ለቅሶ ቤት በተቀመጠች ቁጥር ታወራዋለች። "ልቡ ነግሮት ነበር እኮ! የእናት ነገር!" ትላለች። ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔም አብሬ መጥጫለሁ። ስንቴ!

ባለፈው ቅዳሜ የእኔን መኪና መነሻው ላይ አቁሜ በሁለተኛው ጆይስቲክ የእሱን ነዳሁ። ብቻዬን። እሱ እንዲያሸንፍ፣ ስሙን እንድጽፍለት፣ የእኔ እንዲጠፋ። መርከቡ ጋ ያለው ኩርባ ላይ ስደርስ አውራ ጣቴ እምቢ አለ። ምን እየሠራሁ ነው? ያኔ በቃሌ አጭበረበርኩ፣ አሁን ደግሞ በእሱ ጆይስቲክ? ገመዱን ነቀልኩት።

ቢኒ አሁን ሮክቪል ይኖራል፤ የሦስት ልጆች አባት ነው። አንድም ቀን አላነሳብኝም። ለልደት ይጠራኛል፣ ለበዓል ይጠራኛል፤ እኔ "ሥራ አለኝ" እላለሁ። ሥራ የለኝም። ይህን ባዶ ቤት በገዛ እጄ ነው ያመጣሁት። ጌሙ የተገኘ ቀን፣ ገና ሳልሰካው፣ ፎቶውን ልኬለት ነበር። "ኧረ! አሁንም አለ? እሑድ ልጆቹን ይዤ ልምጣ?" ብሎ ቴክስት አደረገኝ። ሳምንታት ሙሉ ሳልመልስለት ቆየሁ።

ልጅ ነበርክ አትበሉኝ። ልጅ ያመልጠዋል። እኔ አላመለጠኝም፤ አምልጦኝ ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ዙር እናገር ነበር። እኔ ግን የመጨረሻውን ጠበቅኩ።

ዛሬ ጠዋት "ና፣ የፊታችን እሑድ" ብዬ መለስኩለት። እናቴንም ጠርቻታለሁ። ሰሌዳውን አላጠፋሁትም። መጀመሪያ ይብሉ። ከዚያ እናቴ ቢኒንና ያንን ጌም አንድ ላይ ስታይ፣ መቼም አታልፈውም፣ ያችኑ ወሬዋን ትጀምራለች፤ "ልቡ ነግሮት ነበር እኮ!" ትላለች። ያኔ በቢኒ ፊት፣ በልጆቹ ፊት እመልስላታለሁ።

እማዬ፣ ልቡ አይደለም የነገረው። እኔ ነኝ።