ማታ ማታ የማጠፋው ማሞቂያ

ጋሽ በየነ ዛሬ ከሰዓት ቤቴ ገብተው ካፖርታቸውን ማውለቅ እንኳ አልደፈሩም።

ግድግዳው ስር ያለውን ትልቁን ማሞቂያ በእጃቸው ነካ አድርገው፣ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ማሞቂያ ነው ፍሪጅ?" አሉኝ።

"ማታ ልተኛ ስል አጠፋዋለሁ፣ ጠዋት አበራዋለሁ" አልኳቸው፣ እንደ ጎበዝ ቆጣቢ ኮራ ብዬ።

እዚህ ጋሉስ ሰፈር ሠላሳ ዓመት የኖሩ ጡረተኛ ጎረቤቴ ናቸው። ስቀው ሲያበቁ አስረዱኝ። በጀርመንኛ ናኽትሽፓይኸር፣ የሌሊት ማጠራቀሚያ እንደማለት፣ የሚባለው ይሄ ማሞቂያ ሌሊት፣ መብራት ሲረክስ፣ ውስጡ ያለውን ጡብ ያግላል። ቀን ደግሞ ያጠራቀመውን ሙቀት ይለቃል። "ስትወጪ መልቀቂያውን ዝጊው፣ ስትመለሺ ክፈቺው። ሌሊት ግን እንዳትነኪው!"

እኔ ቪንተሩን፣ የብርዱን ወራት ሙሉ፣ እሱን ሌሊት አስርቤ፣ ቀን በውድ መብራት ትንሿን የሶኬት ማሞቂያ ታቅፌ ስንቀጠቀጥ ነበር። ዓምና የጨረስኩትን የምህንድስና ዲግሪ አታንሱብኝ 😅

ያልነገርኳቸው ግን አለ። እማዬ ማታ ማታ ቤቱን ዞራ ሁሉን ነገር ታጠፋና፣ በራችን ላይ ቆማ "ተኛችሁ?" ትለን ነበር። እዚህ ብቻዬን እየዞርኩ ሳጠፋ፣ አሁንም በሩ ላይ የቆመች ይመስለኛል።

ይህን ስጽፍ ደወለች። ልትተኛ ስትል እንደወትሮዋ፣ "ሁሉን አጠፋሽ?"

"አንዱን እተወዋለሁ እማ። እሱ የሚሠራው ሌሊት ነው።"

እማዬም፣ "እንግዲያው ተይው፣ ይሙቅሽ ልጄ።"

እናንተስ ከእናታችሁ ቤት ይዛችሁት የመጣችሁት፣ እዚህ ባይሠራም መተው ያቃታችሁ ልማድ የቱ ነው?