ሂክማ ለወንድሟ የመረጠችው ስልክ

ሱልጣን ከእስር ሲመለስ ይነዳው የነበረውን ሚኒባስ ሌላ ሰው ይዞታል። ከሆሳዕና ዱራሜ ሲመላለስበት የኖረ መኪና ነው፤ የመኪናውን ባለቤት ግን ሥራዬን መልስልኝ ብሎ ሄዶ አልጠየቀውም። የግራ እጁ ጣቶች መሪ ለመጨበጥ እሺ አይሉትም። እስር ቤት ምን እንዳደረጓቸው ለእህቱ ለሂክማ እንኳ አልነገራትም።

ያሳሰረው ስልክ ነው። ሚስቱ ሀያት አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ፣ በኢሞ ቪዲዮ ፊቷን ለማየት ብሎ አዲሎ ገበያ ላይ ያገለገለ ስልክ ገዛ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ኬላ ላይ ፈታሾች ሰውን ከመኪና አስወርደው ስልክ ሲፈትሹ የእሱም ተከፈተ። ሚሞሪው ውስጥ ለተቃውሞ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ያጣመሩ ወጣቶች ፎቶ ተገኘ። የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደ እንጂ ሱልጣን አይቶትም አያውቅም።

"ፎቶው የኔ አይደለም" አለ።

"ስልኩስ?"

"ስልኩ የኔ ነው።"

በዚያው ከነስልኩ ወሰዱት።

ከተፈታ ወዲህ ሀያት ካሜራ በሌለው የሂክማ ስልክ እየደወለች ታለቅሳለች። "ድምፁን ሰማሁ፤ ፊቱን ግን ደብቃችሁኛል። አንድ ነገር ሆኗል!" ትላለች። ሂክማ መቋቋም ሲያቅታት የልብስ ስፌት ሥራዋን ትታ ተረፈ የሚባል ያገለገለ ስልክ ሻጭ ዘንድ ሄደች።

ተረፈ ካሜራው የሚያምር ስልክ አወጣላት። "ፎቶም ዘፈንም ሞልቶበታል፤ ላንቺ ብዬ አላጠፋሁትም" አላት።

እንደሚፋጅ ነገር መልሳ አስቀመጠችው። "የማን ነበር?"

"ምን አውቃለሁ እህቴ፣ ከየቦታው ነው የሚመጣው።"

ሁለተኛው ሲከፈት የማታውቀው ሰው ስም ብቅ አለና የይለፍ ቃል ጠየቀ።

"ዝለይው፣ ይሠራል" አለ ተረፈ።

"ሰውየው አሁንም ውስጡ አለ ማለት ነው?"

ተረፈ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ጥግ ላይ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ሞዴሉ ያረጀ አንድ ስልክ አየች። ዋጋውም ከአቅሟ አያልፍም። "ይሄንን እዚሁ፣ ፊት ለፊቴ ሁሉንም አጥፋው" አለችው። እንደ አዲስ ቋንቋ ምረጡ እስኪል ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። ከዚያ የፎቶውን ቦታ ከፈተች፤ ባዶ ነው። መልእክቱንም አየች።

"ኧረ ጥርጣሬ አበዛሽ!"

"እንዲህ ያለ ስልክ ሰው አሳስሮብናል" አለችው።

ተረፈ ከዚያ ወዲያ አልቀለደም። የሚሞሪ ማስገቢያውን ራሱ ከፍቶ ምንም እንደሌለበት አሳያት።

ሱልጣን ስልኩን እንደተቀበለ በቀኝ እጁ ይጎረጉረው ጀመር። ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፍታል።

"ባዶ ነው፤ እኔ ራሴ አይቻለሁ" አለችው ሂክማ።

"ባዶ መሆን አለመሆኑን የሚያውቁት ፈታሾቹ ናቸው" አላት።

ሀያት የምትደውልበት ሰዓት ሲደርስ ከቁስል ፕላስተር ላይ ትንሽ ቀዶ ካሜራው ላይ ለጠፈ። "በዚህ በኩል ማን እንደሚያየኝ ምን አውቃለሁ?" አላት ሂክማን። የሀያት ፊት ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ከስታለች፣ አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"ሱልጣን፣ ጨለማ ብቻ ነው የሚታየኝ።"

"ካሜራው ተበላሽቷል።"

"እሺ፣ አንተ እየኝ እንግዲህ" አለችው፤ ሻሿንም አስተካከለች።

አያት። እሷ ግን ጨለማውን እያየች ስለ ሥራዋ አወራችው። በሌላም ጊዜ ስትደውል እንዲሁ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ካሜራውን ለምን እንደማያሠራው ትጠይቀው ነበር። ኋላ መጠየቁን ተወችው።