የባቡሩ መጨረሻ

ሱኤኪቺ በቶኪዮ ከተማ፣ በኡኤኖ ጣቢያ በር ላይ ሊስትሮ ነበር። እኔ ደግሞ ውስጥ፣ ከታችኛው ሐዲድ አጠገብ ምሳ በሳጥን እሸጣለሁ። ሁለታችንም የሰሜን ሰዎች ነን። ለሰሜን ሰው ኡኤኖ የባቡር መጨረሻ ነው። የከተማው ባቡሮች ፎቁ ላይ ያልፋሉ፤ የእኛው ግን ታች ገብቶ፣ ከብረት ማገጃው ፊት ቆሞ ያራግፈናል። እሱም በአሥራ አምስት ዓመቱ ለፋብሪካ ተቀጥሮ ከመንደሩ ልጆች ጋር እዚያው ወረደ።

ፋብሪካው ሲዘጋ ብሩሽ ያዘ። ለእናቱ ግን "የጫማ ሱቅ ከፍቻለሁ" አላት። እኛ ዘንድ ባዶ እጅን አገር መግባት ከሞት ይከፋል። አባቱ ሲሞት እንኳ አልሄደም። ጅል! ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ።

በሐምሌ እናቱ ደወለች። "ዓይኔ ሳይጠፋ አንዴ መጥቼ ልይህ" አለችው።

"እግሯ ላይ ወድቄ እውነቱን እነግራታለሁ" አለኝ።

"የት ነው የምትወርደው?"

"ባቡሩ መጨረሻ ላይ ውረጂ፣ እዚያው ቆሜ እጠብቅሻለሁ ብያታለሁ።"

እኔም ያኔ ምንም ስህተት አልታየኝም።

ተላጭቶ፣ ሸሚዝ ተውሶ፣ ከጠዋት ጀምሮ ማገጃው ጋ ቆመ። የሌሊቱ ባቡር ገባ፤ የለችም። ከዚያ በኋላ በገቡትም የለችም።

"እስኪ ቁጭ ብለህ ሩዝ ቅመስ" አልኩት።

"ስቀመጥ ብታልፈኝስ?"

"አንተን ግንድ የሚያክል ሰውዬ ማን ያጣሃል!"

አልሳቀም።

አመሻሹ ላይ አንድ ደንበኛዬ "አሮጊቷን በፈጣኑ አሳፍረዋት ይሆናላ" አለ። ፈጣኑ ባቡር የሚገባው ከመሬት ሥር ነው። ከሰኔ ወዲህ ደግሞ መጨረሻው ኡኤኖ አይደለም፤ አልፎ ቶኪዮ ጣቢያ ይደርሳል። ሁላችንም እናውቅ ነበር እኮ! አፋችን ግን የለመደውን ይናገራል። ሱኤኪቺ ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ሮጠ።

ቶኪዮ ጣቢያ ሲደርስ አንድ ጽዳት ሠራተኛ ነገረው። ጥቅል የያዙ አሮጊት መሳፈሪያው ጫፍ ላይ ቆመው ውለዋል። "ሰው ልጥራልዎት?" ቢላቸው "ልጄ ሥራ ላይ ነው፣ አላስቸግረውም" ብለው ቅድም ወደ አገራቸው ተሳፍረዋል።

በማግስቱ ከሱቄ አጠገብ ካለው ስልክ ደወለ። እናቱ ጆሮዋ ስለደከመ ትጮሃለች፤ ሁሉንም ሰማሁ።

"እማ፣ ትናንት..."

"ተው ልጄ! ሱቅ ያለው ሰው እንዴት ጥሎ ይወጣል? በሥራ ቀን የመጣሁት እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። የምትወደውን በጨው የቆየ ፍጁል ይዤልህ ነበር።"

"ንገራት!" አልኩት በእጄ። አፉን ከፈተ። እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል።

"አዎ እማ" አለ። "ሱቁ ሰው በዝቶበት ነበር።"

በዚያው ዓመት የአገራችን በረዶ ሳይቀልጥ እናቱ አረፈች። ያኔ ሄደ፤ ባዶ እጁን።