ከማሉና የባላባቱ ጥላ

ከማሉ ጎረቤታችን ነው። ቤቱ መስቃን ገጠር ነው፤ በገበያ ቀን ቡታጅራ ወርዶ ጃንጥላ ይጠግናል። የአሮጌ ጃንጥላ ሽቦም ሆነ የጫፍ ቆብ አይጥልም፣ አልጋው ሥር በጆንያ ያስቀምጣል።

ለአረፋ የአጎቱ ልጅ ሳላሀዲን ከመርካቶ መጣ። መሬት ውስጥ ብረት ካለ የሚጮህ ማሽን ይዟል። የከማሉ እንሰት መሀል ሲደርሱ ማሽኑ ጮኸ። ቆፈሩ፣ ትንሽ የነሐስ ቆብ ወጣ።

"ምንድነው ኢንጂነር?" አለው ሳላሀዲን።

ከማሉ በጋቢው ጠረገና አየው። "የጃንጥላ ጫፍ ነው። የዛሬው ግን አይደለም፣ የዛሬው ፕላስቲክ ነው። ይሄ የባላባት ጥላ ነው፣ ወላሂ!"

"ታዲያ ባላባቱ ጥላውን ብቻ ነው የቀበረው?"

ይቺ ነገር ከማሉ ልብ ውስጥ ገባች። አብዮቱ ሲመጣ ባላባቶች ወርቃቸውን ቀብረው ሸሹ ሲባል ሰምቶ ነው ያደገው።

ሚስቱ ዘይባ እግሩ ላይ ወደቀች። "እንሰቱን አትንካብኝ፣ ገና አልደረሰም። ልጆቹ ምን ይበላሉ?"

እኛ ጋ እንሰት የሴት ነው፣ ወንድ ዝም ብሎ አይነቅልም። እሱ ግን "ዞር በይ፣ ነገ ወርቅ ትለብሻለሽ" ብሎ ገፈተራት። ማሽኑ በጮኸበት ሁሉ ነቀለ። ሳላሀዲንና የሰፈሩ ጎረምሶች አጥሩ ሥር ጫት እየቃሙ "በርታ ኢንጂነር! ደርሰሃል!" ይሉታል። የሚወጣው ሽቦ ነው፣ ደግሞ ሽቦ። እሱ ጭቃውን እንኳን ሳያራግፍ ወደ ኋላው እየወረወረ ይቆፍራል።

ዘይባ አንዱን አነሳችና አጠበችው። በቀይ የስልክ ሽቦ የታሰረ ነው።

"እንዲህ የሚያስር ካንተ ሌላ ማን አለ?" አለችው።

ሮጦ ገብቶ ጆንያውን አየ። ግማሽ ሆኗል። ለካ እሱ ለአረፋ ሶላት ሲወጣ ሳላሀዲን ገብቶ ወስዶ ቀብሮት ነው።

"የገዛ እጁን ሥራ አላወቀውም!" ብለው እነ ሳላሀዲን በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ሳላሀዲን "ቀልድ ነው እኮ፣ አትቀየመኝ" አለው። በማግስቱ ወደ መርካቶው ሄደ።

ዘይባ ልጆቹን ይዛ አባቷ ቤት ገባች። እንሰቱ ጉድጓዱ ዳር ተጋድሞ በሰበሰ። ገበያ ላይ ጃንጥላ የሚያመጣ ሁሉ "ባላባቱ ደህና ናቸው?" ይለዋል።

እሱ ያቺን የነሐስ ቆብ ከኪሱ አውጥቶ ያሳያል። "ሌላው የኔ ነው፣ አምናለሁ። ይቺ ግን ከኔ ጆንያ አይደለችም" ይላል።

በቀደም በበሩ ሳልፍ የጎጆውን ምሰሶ ሥር ሲቆፍር አየሁት።