የቲቸር ሱሃይላ «አዎ»

ቲቸር ሱሃይላ ስለ ሴል የምታስተምርበትን ሳምንት በቃሌ አውቀዋለሁ። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ክፍሌን ከሷ ክፍል የሚለየው አንድ ኮምፔንሳቶ ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ከስልሳ በላይ የሰባተኛ ክፍል ልጆች በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ፦ «ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሁሉ ከሴል የተሠሩ ናቸው! ሴል የሕይወት መሠረታዊ አሃድ ነው! ሴል የሚገኘው ከነበረ ሴል ነው!» የኔ ክፍልፋዮች እዚያ ጩኸት ውስጥ ይሰምጣሉ። ሱሃይላ አዳማ ውስጥ እንዲህ ማስጮህ ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። አባቷ ከወሎ መጥተው ጨርቅ የሚነግዱ ሰው ናቸው፤ «ሱቁን ያዢ» ቢሏት እምቢ ብላ ነው አስተማሪ የሆነችው። አንዳንዴ ምነው በያዝኩት ትላለች።

ዘንድሮ ሌንሳ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እርስዎ ሴል አይተው ያውቃሉ?»

ሱሃይላ «አዎ» አለች።

አይታ አታውቅም። በተማረችበት ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አልነበረም፤ ኮሌጅ ደግሞ አንዱን ለአርባ ሰው ሲያዞሩት ተራዋ ሳይደርስ መብራት ጠፋ። ዕረፍት ሰዓት ላይ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ ሊመጣ ነበር። «ፈሪድ፣ ባላየሁት ነገር ነው ስምል የኖርኩት። አሁን ደግሞ ለልጅ ዋሸሁ።» ያቺን «አዎ» እውነት ካላደረገቻት እንቅልፍ እንደማይወስዳት ገባኝ።

የሚያበግነው ትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ ያለው መሆኑ ነው። ንብረት ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ከነካርቶኑ ዘጠኝ ዓመት ተኝቷል። ኃላፊው አቶ ገሠሠ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ዕቃ እስካልጠየቋቸው ድረስ።

«በስሜ ፈርሜ የተረከብኩት ንብረት ነው» አሏት። «ልጆች ቢሰብሩትስ?»

«እና ለማን ነው የተገዛው?»

«ለተማሪዎች ነዋ!»

ሰው በዚህ አይቃጠልም? ደብዳቤ አምጪ አሏት፤ አመጣች። ማኅተም የለውም አሉ፤ አስመታች። በመጨረሻ «እስቲ ሱፐርቪዥን ይለፍ» አሉ።

ከትምህርት ቢሮ ሱፐርቪዥን ሲመጣ እኛ ጋ ምን እንደሚደረግ የማያውቅ አስተማሪ የለም። ተቆልፎ የከረመው ሁሉ ይወጣል፤ ጠረጴዛ ላይ ዳንቴል ይነጠፋል፣ ዕቃው ይደረደራል፣ ስሙ በፍሎማስተር ይጻፍበታል፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ተመልሶ ይቆለፋል። ሱሃይላ ሌላ ጊዜ ይህን ልማድ ትረግመዋለች። ያን ዕለት ግን ቀይ ሽንኩርት፣ ምላጭና ከፋርማሲ የገዛችውን አዮዲን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ማልዳ መጣች።

ጠረጴዛው የተዘጋጀው እሷው ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ ነበር። የሽንኩርቱን ስስ ቆዳ ላጠች፣ ስላይድ የሚሉት መስታወት ላይ አነጠፈች፣ አዮዲን ጠብ አደረገችበት፣ ስሷን የመስታወት መሸፈኛ ጣል አደረገችበት። መብራት የለም፤ ግን ማይክሮስኮፑ የሚፈልገው ፀሐይ ነው፣ የአዳማ ፀሐይ ደግሞ አይጠፋም።

አየችና «ሴል!» ብላ ጮኸች። ልጆቹ ተሰለፉ። ጥቁር ጠርዝ ያላቸውን ክቦች እያዩ በደስታ ደብተራቸው ላይ ሳሏቸው፤ አንዳንዶቹ መጽሐፉ ላይ ስላለ ብቻ ያላዩትን ኒውክለስ መሐሉ ላይ ጨመሩበት። ሌንሳ ብቻ እርሳሷን አስቀመጠች። «ቲቸር፣ መጽሐፉ የሽንኩርት ሴሎች የተያያዙ ናቸው ይላል። እነዚህ ተበታትነዋል። መሸፈኛዋን ስነካት ደግሞ ይሸሻሉ።»

የአየር አረፋ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ጠብቃ ያየችው አረፋ! እኔ ብሆን ሽንኩርቱን በመስኮት እወረውረው ነበር። አቶ ገሠሠ ደግሞ በር ላይ ቆመው «እንግዶቹ ደረሱ፣ ጨርሺ!» እያሉ ይነዘንዛሉ።

«አልጨርስም!» አለቻቸው። ስትጮህባቸው የመጀመሪያዋ ነው። አዲስ ቆዳ ላጠች፤ አየሩ እንዲወጣ መሸፈኛዋን በአንድ ጎኗ አስደግፋ ቀስ ብላ አስተኛቻት። ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። እንደ ብሎኬት ግድግዳ የተደረደሩ ክፍሎች ነበሩ፤ በየውስጣቸው አንድ አንድ ቡናማ ነጥብ አለ።

ቀና ስትል ዐይኗ ርሷል። ሌንሳን ጠራቻት። «ያን ቀን አይቻለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ዛሬ ነው ያየሁት።»

ሌንሳ አልደነገጠችም። «ዐውቄያለሁ ቲቸር» አለች፤ «ያኔ ሲመልሱልኝ ሰሌዳውን ነበር የሚያዩት።» ከዚያ እሷም ለማየት ጎንበስ አለች።